ኤሲሲኤ፣ ሥራና የሁለት ዓመት ልጅ፦ በየትኛው ወር ስንት ፔፐር ይወሰድ?

የሰኔ30ዋ

ሰላም ለዚህ ቤት። አዲስ አበባ በአንድ አስመጪ ድርጅት ሲኒየር አካውንታንት ነኝ። ከኤሲሲኤ (ዓለም አቀፍ የአካውንታንትነት ሙያ ማረጋገጫ) ፔፐሮች፣ ማለትም ፈተናዎች፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስትና ሎው (የንግድ ሕግ) በዲግሪዬ ኤግዘምፕት ሆነውልኛል፤ አልፈተናቸውም። የቀሩኝ ከስኪልስ ደረጃ ፒኤም (የአፈጻጸም አመራር)፣ ታክስ፣ ኤፍአር (የፋይናንስ ሪፖርት)፣ ኦዲትና ኤፍኤም (የፋይናንስ አስተዳደር) ናቸው፤ ከዚያ ደግሞ የመጨረሻው ደረጃ፣ የስትራቴጂክ ፕሮፌሽናል አራቱ። ልጄ ሁለት ዓመቷ ነው። ሞግዚቷ ማታ 12 ሰዓት ላይ ትወጣለች፣ እሁድ አትመጣም። ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት አለ።

ጥያቄዎቼ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ፔፐር ልውሰድ ወይስ ሁለት? ከአራቱ የፈተና ወራት የትኞቹ ይሻላሉ? በየትኛው ፔፐር ልጀምር? በሳምንት ስንት ሰዓትስ ይበቃል? «አይዞሽ ትችያለሽ» የሚለውን ከዘመድ ጠግቤያለሁ፤ ወርና ቁጥር ያለበት መልስ ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።

ጥቅምት30

እህቴ፣ መጽሐፉን ከመግለጥሽ በፊት ካላንደሩን ዘርጊ። ፈተናው በማርች፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ነው። በእንግሊዝ አገር የተሠራ ካላንደር ስለሆነ የእኛን በጀት ዓመት አያውቅም። ወደ እኛ ወር ስትመልሺው ሁለቱ ወዲያው ይወድቃሉ።

ሴፕቴምበር ማለት የነሐሴ መጨረሻ ነው። ሰኔ 30 ሂሳቡ ተዘግቷል፣ የመጋዘን ቆጠራው ልዩነት ገና አልተጣራም፣ የውጭ ኦዲተሩ የናሙና ሰነድ ዝርዝር ይዞ ጠረጴዛሽ አጠገብ ተቀምጧል። በዚያ ላይ ክረምት ነው፤ ልጅ ጉንፋን የሚይዘው ያኔ ነው፣ ሞግዚትም አገር ቤት ልሂድ የምትለው ያኔ ነው። ዲሴምበር ደግሞ ኅዳር 22 አካባቢ ይውላል። የደረጃ ሀ ግብር ማሳወቂያ የሚያበቃው ጥቅምት 30 ስለሆነ በመካከል የሚቀርሽ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። በሦስት ሳምንት ቀድሞ የተጠና ፔፐር ይከለሳል እንጂ አዲስ አይጠናም። ዲሴምበር ላይ ተመዝግበው የሚወድቁ የፋይናንስ ሠራተኞች አብዛኛውን ጊዜ ፔፐሩ ከብዷቸው አይደለም፤ መስከረምንና ጥቅምትን እንደ ማጥኛ ወር ስለቆጠሩ ነው።

የሚቀሩት ማርችና ጁን ናቸው። ከኅዳር 1 እስከ የማርቹ ፈተና፣ የካቲት 23 አካባቢ፣ 16 ሳምንት ነው፣ ከዓመቱ ሁሉ ሰፊው ቦታ። ከዚያ ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ግንቦት 24 አካባቢ 12 ሳምንት ያህል ታገኛለሽ፤ የሰኔ የመዝጊያ ግርግር ሳይጀምር ፈተናው ያልቃል። ስለዚህ በዓመት ሁለት ፔፐር፣ በየጊዜው አንድ አንድ። ከበድ ያለውን ለማርች፣ ቀለል ያለውን ለጁን። በዚህ ሂሳብ ዘጠኙ አራት ዓመት ተኩል ይፈጃሉ። ረጅም ይመስላል፤ ግን በዓመት አራት ተመዝግቦ ሁለት መውደቅም ያው ሁለት ነው፣ ልዩነቱ የሁለት ፔፐር ፓውንድ መክሰርሽ ነው።

ስለ ጊዜ ገደቡ አትጨነቂ። የስትራቴጂክ ፕሮፌሽናል ፔፐሮችን ለመጨረስ የተሰጠው የሰባት ዓመት ቆጠራ የሚጀምረው የመጀመሪያውን የስትራቴጂክ ፕሮፌሽናል ፔፐር ካለፍሽ ቀን ነው። አሁን የምትወስጃቸው አምስቱ አንዴ ካለፍሽ በጊዜ ብዛት አይቃጠሉም። ልጅ ትንሽ በሆነችበት ዘመን ቀስ ብሎ መሄድ የሚቻለው እዚህ ደረጃ ላይ ነው።

በምዝገባም ገንዘብ ይባክናል። ቀደም ብሎ የተመዘገበ ትንሽ ይከፍላል፣ በመደበኛው ጊዜ የተመዘገበ ከዚያ ይበልጣል፣ በመጨረሻው ሰዓት የመጣ ግን በጣም ብዙ ይከፍላል። መደበኛው ምዝገባ እስኪዘጋ ድረስ ፔፐሩን መቀየር ወይም መሰረዝ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ልጅ ታመመች ብለሽ ብትወጪ ገንዘቡ አይመለስም። ስለዚህ ያን ቀን ስልክሽ ላይ ማስታወሻ አድርጊው፤ ከሥርዓተ ትምህርቱ ግማሹን ካላለፍሽ ያን ዕለት ውሳኔ ይሰጥ። ክፍያው በፓውንድ ስለሆነ የውጭ ክፍያ የሚቀበል ካርድ ወይም የባንክ ዝውውር ቀን ይወስዳል፣ መዝጊያው ዕለት አይጀመርም። የጃንዋሪ 1 ዓመታዊ ክፍያም እንዳይረሳ፤ ካልተከፈለ ከመዝገብ ያስወጣል፣ መመለሻውም ሌላ ወጪ አለው።

ዴቢት_በግራ

በወሩ ተስማምቻለሁ። እኔ ስለ ሰዓቱ ልጨምር።

ለአንድ የስኪልስ ፔፐር እየሠራ ለሚያጠና ሰው ከ120 እስከ 150 ሰዓት መመደብ ይገባል። አንቺ ያለሽ ሰዓት ይህ ነው፦ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ተነስተሽ እስከ 11 ሰዓት ከሩብ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ። ይህ 6 ሰዓት ከሩብ ነው። ቅዳሜ ባለቤትሽ ልጅቷን ይዞ ይውጣ፣ ከቤት ይውጣ ነው የምልሽ፣ ከ3 እስከ 6 ሰዓት። ሌላ ክፍል ሆና «እማ» እያለች በር እየደበደበች የሚጠና ነገር የለም። በድምሩ በሳምንት 9 ሰዓት ከሩብ። በ16 ሳምንት 148 ይሆናል፤ ግን 148 ብለሽ አታቅጂ። ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11፣ ሁለቱም መሀል ላይ ናቸው። ለቅሶም ቀን አይነግርም። ሁለት ሳምንት ከወዲሁ ሰርዢ፤ 130 ሰዓት አካባቢ ይቀርሻል፣ ይበቃል።

ማታውን ለምን እንደተውኩት፦ ልጅ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ትተኛለች ብለሽ ታስቢያለሽ፣ አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ተኩል ይሆናል፣ አንዱን ቀን አብረሻት ትተኛለሽ። ማታ ላይ የሚሠራ ቢኖር ስልክ ላይ አሥር የምርጫ ጥያቄ ነው። ከባዱ ለሌሊቱ ይቀመጥ።

የ75 ደቂቃዋን አከፋፈል ልንገርሽ። የመጀመሪያው 10 ደቂቃ ትናንት የተሳሳትሻቸውን ጥያቄዎች ያለ መልስ እንደገና መሥራት ነው። ቀጥሎ 50 ደቂቃ አዲስ ነገር፤ ከዚያም ውስጥ ከ20 ደቂቃ በላይ ማንበብ አይፈቀድም፣ ሌላው ጥያቄ ነው። በመጨረሻ 15 ደቂቃ የተሳሳትሽበትን ምክንያት በአንድ መስመር ደብተር ላይ ታሰፍሪያለሽ። «ምዕራፍ 7 አልገባኝም» አይሰራም፤ «ማርክአፕን እንደ ማርጂን አሰላሁ» ብለሽ ነው የምትጽፊው። የሚቀጥለው ቀን የሚጀምረው ከዚያች መስመር ነው።

ይህችን የማርክአፕ ነገር ላሳይሽ፣ ኤፍአር ላይ በየጊዜው ሰው የሚወድቅባት ናት። እናት ኩባንያው ለልጅ ኩባንያው በ120,000 ዕቃ ሸጠ፣ በወጪው ላይ 25 በመቶ ጨምሮ፤ ማርክአፕ ይህ ነው። ዓመቱ ሲዘጋ ግማሹ ዕቃ መጋዘን አለ። ዕቃው ለውጭ ገዢ ስላልተሸጠ ገና ያልተገኘው ትርፍ ስንት ነው? ብዙ ሰው 60,000ን በ25 በመቶ አባዝቶ 15,000 ይላል። ወጪው 100 ከሆነ መሸጫው 125 ስለሆነ ትክክሉ 60,000 ሲባዛ 25 ሲካፈል ለ125፣ ማለትም 12,000 ነው። 15,000 የሚመጣው ጥያቄው ማርጂን፣ ማለትም ከመሸጫው ላይ የሚታሰብ ትርፍ፣ ካለ ብቻ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ሻጩ ማን ነው ብለሽ ጠይቂ፤ የሸጠው ልጅ ኩባንያው ከሆነ ቅነሳው አናሳ ባለድርሻዎቹንም ይነካል።

ፈተናው በኮምፒዩተር ስለሆነ መልሱን ስትጽፊ ደግሞ በስፕሬድሺቱ ሴል ውስጥ 12000 ብለሽ ብቻ አትተይቢ። ቀመሩን እንዳለ አስገቢው። አራሚው ሴሉን ከፍቶ ቀመሩን ማየት ይችላል፤ አንድ ቁጥር ብትስቺ እንኳ የአሠራር ነጥብ ይሰጥሻል። ባዶ ቁጥር ከሆነና ከተሳሳተ ግን ዜሮ ነው። ወረቀት ላይ በደንብ የሚሠሩ ሰዎች ኮምፒዩተሩ ላይ ነጥብ የሚጥሉት እንዲህ ነው። ስለዚህ የቅዳሜዋ ሦስት ሰዓት ከስድስተኛው ሳምንት ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በኤሲሲኤ የመለማመጃ ፕላትፎርም ላይ ይሁን። መብራትም ኔትወርክም ቤት ውስጥ ካላስተማመነሽ ቢሮ ወይም ላይብረሪ ሂጂ፤ ለሌሊቱ ደግሞ ወረቀት ላይ የታተመ ጥያቄ ይኑርሽ።

የሰዓት ስሌቱ፦ ሦስት ሰዓት ለ100 ነጥብ፣ ማለትም ለአንድ ነጥብ 1.8 ደቂቃ። በኤፍአር፣ በፒኤምና በኤፍኤም የምርጫው ክፍል 60 ነጥብ ነው፤ 108 ደቂቃ ይገባዋል። ሁለቱ ባለ 20 ነጥቦች 36፣ 36 ደቂቃ። ምርጫው ላይ ግማሽ ነጥብ የሚባል የለም፤ ሁለት ምረጪ ተብለሽ አንዱን ብትስቺ ሁለቱም ነጥብ ይሄዳል። ነገር ግን ለስህተት አይቀነስም፣ ባዶ የሚተው ጥያቄ እንዳይኖር።

ጀማሪ ፔፐር፦ ኤፍአር እላለሁ፣ በማርች። ምክንያቱም አስመጪ ቤት ነሽ፣ ግማሹን በየቀኑ ትሠሪዋለሽ። የዕቃ ወጪ ውስጥ ምን ይገባል የሚለውን የአይኤኤስ 2 (የዕቃ ክምችት ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃ) ጥያቄ በእጅሽ ባለው ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ሰነድ) ላይ ማጥናት ትችያለሽ፦ የጉምሩክ ቀረጥና ማጓጓዣ ይገባል፣ የሚመለስ ቫት አይገባም። ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ዋጋ ሲንቀሳቀስ የውጭ ምንዛሪው ደረጃ፣ አይኤኤስ 21ም፣ የየወሩ ሥራሽ ሆኗል። ለአቅራቢ ያለብሽ የዶላር ዕዳ በዓመቱ መዝጊያ ምንዛሪ እንደገና ይሰላል፣ ልዩነቱ ትርፍና ኪሳራ ውስጥ ይገባል፤ ለዕቃ የከፈልሽው ቅድመ ክፍያ ግን በተከፈለበት ቀን ምንዛሪ ይቆያል። ፈተናው ላይ የሚጠየቀው ይኸው ነው።

የሰኔ30ዋ

እናመሰግናለን፣ ይህን ነበር የፈለግኩት። አንድ ነገር፦ ጓደኞቼ ኤፍአርንና ኦዲትን አንድ ላይ ውሰጃቸው፣ ይደጋገፋሉ ይሉኛል። እውነት ነው?

ኦዲት_ፋይል

ይደጋገፋሉ፣ ግን 130 ሰዓት ለሁለት ሲካፈል 65 ነው። አብሮ መውሰድ የሚያዋጣው የጥናት ፈቃድ ላለው ወይም ኦዲት ድርጅት ውስጥ ለሚሠራ ነው። የኦዲት ፔፐር የሚፈልገው የሂሳብ እውቀት በአብዛኛው የኤፍኤ (ኤግዘምፕት ከሆኑልሽ ሦስቱ አንዱ፣ መሠረታዊ የፋይናንስ ሂሳብ) ደረጃ ስለሆነ ኤፍአር አብሮት ካልሄደ የሚጎድልብሽ ብዙ አይደለም።

በቅደም ተከተሉ ከዴቢት_በግራ ጋር አልስማማም። ኤፍአርን አሁን አልፈሽ ኤስቢአርን (የስትራቴጂክ ፕሮፌሽናሉን የሪፖርት ፔፐር) ከሁለት ዓመት በላይ ቆይተሽ ብትወስጂ ኮንሶሊዴሽኑን፣ ማለትም የእናትና የልጅ ኩባንያ ሂሳብ ማዋሃዱን፣ እንደ አዲስ ትጀምሪዋለሽ። ለልጅ እናት ውዱ ነገር ሰዓት ነው፣ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ማጥናት አያዋጣም። የእኔ ሐሳብ፦ ማርች ፒኤም፣ ጁን ታክስ፤ በዓመቱ ማርች ኤፍኤም፣ ጁን ኦዲት፤ በሦስተኛው ዓመት ማርች ኤፍአር፣ ሳይቀዘቅዝ ጁን ላይ ኤስቢአር።

ታክስ ለምን ጁን ላይ ሆነ? የኢትዮጵያ ግብር ሕግ የሚፈተንበት ፔፐር የለም፤ አብዛኛው ሰው የእንግሊዙን ነው የሚወስደው። የእንግሊዙ ታክስ ፈተና ከጁን እስከ ቀጣዩ ማርች በአንድ የፋይናንስ አክት (የእንግሊዝ የግብር ሕግ) ይሄድና በሚቀጥለው ጁን ይቀየራል። ማርች ላይ ወስደሽ ብትወድቂ ጁን ላይ የምትደግሚው በአዲስ ሕግ ነው፤ ተመኑ፣ የነፃ ገቢ ጣሪያው፣ መጽሐፉ ሊለወጥብሽ ይችላል። ጁን ላይ ጀምረሽ ብትወድቂ ግን እስከ ማርች ድረስ የያዝሽው መጽሐፍ ይሠራል። ከሰው መጽሐፍ በውሰት ስትወስጂም ሽፋኑ ላይ የትኛው የፈተና ጊዜ እንደተጻፈ እዪ።

ስለ ኦዲት ፔፐር አንድ ነገር ብቻ። እዚህ የሚወድቀው ሰው እውቀት አንሶት አይደለም፣ አጻጻፉ ነው። ለምሳሌ ጥያቄው የግዢ ክፍል ኃላፊው የራሱን የግዢ ትእዛዝ ራሱ ያጸድቃል ይላል። «ቁጥጥሩ ደካማ ነው፣ ይጠናከር» ብሎ የጻፈ ምንም አያገኝም። ሙሉ ነጥብ የሚያመጣው እንዲህ ያለው ነው፦ ኃላፊው ድርጅቱ የማያስፈልገውን ዕቃ ወይም ለራሱ የሚሆን ዕቃ ሊያዝ ይችላል፣ ይህም ወጪን ያለአግባብ ያሳድጋል፤ ስለዚህ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ ትእዛዝ ሁሉ በፋይናንስ ኃላፊው ይጽደቅ፣ ፊርማውም በትእዛዙ ላይ ይታይ። ድክመት፣ መዘዝ፣ ማን ምን ያድርግ። ሦስቱን በየመስመሩ መጻፍ እጅሽን አስለምጂው። በእንግሊዝኛ የመተየብ ፍጥነትም ራሱን የቻለ ልምምድ ነው።

ያልጠየቅሽውን ልጨምር። ኤሲሲኤ ከፈተናው ሌላ ለአባልነት የሚጠይቀውን የ36 ወር የሥራ ልምድ ፈተናው እስኪያልቅ አታቆዪው። አሁን የምትሠሪው ይቆጠራል። አምስት ግዴታና አራት የምትመርጫቸው የሥራ ብቃት ዓላማዎች አሉ፤ ለእያንዳንዱ ከ200 እስከ 500 ቃል የራስሽን ሥራ ትጽፊያለሽ። እክሉ ፈራሚው ላይ ነው፦ ዓላማዎቹን የሚያጸድቀው ሰው ብቁ አካውንታንት መሆን አለበት፣ አለቃሽ ራሱ ብቁ አካውንታንት ካልሆነ የሠራሽበትን ጊዜ ብቻ ነው የሚያረጋግጠው። ድርጅታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ ሥራሽን የሚያውቅ የውጭ አካውንታንት ወይም ኦዲተር ከአለቃሽ ጋር ሆኖ ሊፈርም ይችላል። ሰው ሥራ ይቀይራል፣ አገር ይለቃል፤ ከአራት ዓመት በኋላ ፈራሚ ፍለጋ ከመዞር በየዓመቱ ሁለት ሁለት ማስፈረም ይቀላል።

ጥቅምት30

ስለ ፈቃድ ረስቼ ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ጠይቀሽ አሠሪው ከተስማማ ለሁለት ከፍሎ መውሰድ ይቻላል። ግማሹን ለየካቲት፣ ግማሹን ለግንቦት በጽሑፍ ጠይቂ፣ ያውም ኅዳር ላይ። የካቲት ላይ የተጠየቀ የየካቲት ፈቃድ «የወር መዝጊያ ነው» ተብሎ ይመለሳል። ከየግማሹም አምስቱ ቀን ከፈተናው በፊት ላሉት የመጨረሻ የሥራ ቀናት ይሁን፤ ቀደም ብሎ የተወሰደ ፈቃድ የቤት ሥራ ይበላዋል፣ ልጅ እናቷ ቤት መኖሯን ካወቀች ደግሞ አለቀ። ያን ሳምንት እንደ ሥራ ቀን ጠዋት ከቤት ውጪ።

ወደፊት ኤስቢኤል (የስትራቴጂክ ፕሮፌሽናሉ የአመራር ፔፐር) ላይ ስትደርሺ ደግሞ ፈተናው የሚመሠረትበት ቅድመ መረጃ ከፈተናው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ይለቀቃል፤ ፈቃድሽን ለዚያ ቆጥቢ። ኤሲሲኤ የሚጠይቀውን የሥነ ምግባር ሞጁል (በኢንተርኔት የሚወሰድ ትምህርት) 20 ሰዓት አካባቢ ስለሚፈጅ ከእሱ በፊት ባለው ክረምት ላይ በትንሽ በትንሹ ጨርሺው፣ የፈተና ቀን ስለሌለው ለሐምሌና ለነሐሴ የሚሆን እሱ ብቻ ነው።

የሰኔ30ዋ

ባለቤቴ የቅዳሜውን ሦስት ሰዓት ተቀብሏል፤ የፈቃዱን ደብዳቤም ዛሬ አረቅቃለሁ። በፒኤም ጀምሬ ታክስን ጁን ላይ አደርጋለሁ። የፈተና ማዕከሉ የቀበሌ መታወቂያ ይቀበላል?

ኦዲት_ፋይል

ፓስፖርት ያዢ፣ ጊዜው ያላለፈበት። አሁኑኑ ግን ኤሲሲኤ አካውንትሽ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል መግጠሙን እዪ። ዲግሪው ላይ በአንድ አጻጻፍ፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ፣ የአያት ስም አንዱ ላይ አለ አንዱ ላይ የለም፤ የእኛ ሰው በር ላይ የሚቸገረው በዚህ ነው። ማስተካከያው ሰነድ ልኮ መጠበቅን ይጠይቃል፣ በፈተናው ሳምንት አይደርስም።